«እንወድሻለን» ከተባለች በኋላ ክሌዮ ለምን ልብስ ተሸክማ ወደ ጣሪያ ወጣች?

ጥያቄ፦ «በመሥሪያ ቤታችን በወር አንዴ ፊልም እያየን እንወያያለን። የሚቀጥለውን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ የመረጥኩት የሜክሲኮውን "ሮማ" ነው። ቀድሜ ከቤተሰቤ ጋር አየሁትና ግራ ገባኝ። ስሙ ሮማ ሆኖ ሮም ከተማ የለችበትም። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምንም አይፈጠርም። በቅርቡ የተሠራ ሆኖ ሳለ ለምን ጥቁርና ነጭ ሆነ? ካሜራውስ የሠራተኛዋን ፊት ለምን አይቀርበውም? ባሕሩ ዳር ስደርስ አለቀስኩ፤ ቤት ሲመለሱ ግን ጁስ ሥሪልን ሲሏት ተናደድኩ። ባለቤቴ "መጨረሻው ደስ ይላል፣ ቤተሰብ ሆነች" አለኝ። እኅቴ ደግሞ "አልፈልጋትም ስላለች ነው ፈጣሪ ልጇን የወሰደባት" አለች። የተሳሳትነው ማናችን ነን? ዳይሬክተሩስ አሠሪዎቹን እያሞገሰ ነው ወይስ ይቅርታ እየጠየቀ?»

ምላሽ፦

የተናደዱበት ቦታ ዳይሬክተሩ አስቦበት ያስቀመጠው ቦታ ነው። ባለቤትዎ ያዩት ፍቅር እውነት ነው፤ ግን ከፍቅሩ ቀጥላ የምትመጣውን አንዲት ደቂቃ ዘለዋታል። እኅትዎ ያሉት ፊልሙ ውስጥ የለም። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም በውይይቱ ላይም መነሳቱ አይቀርም።

ስሙን በቶሎ እንለፈው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሮማ የሜክሲኮ ሲቲ ሰፈር ነው፤ እኛ ቦሌ ወይም ካዛንቺስ እንደምንለው ማለት ነው። በ1961 የተወለደው ዳይሬክተሩ አልፎንሶ ኩዋሮን ያደገው እዚያ ቴፔሂ በሚባል መንገድ ላይ ሲሆን የቤቱን የውጭ ገጽታ የቀረጸውም በዚያው መንገድ፣ ከልጅነት ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ቤት ነው። ለመግቢያ የሚሆን ወሬ ከፈለጉ፣ በዚያች ከተማ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የእኛም ሜክሲኮ አደባባይ ከዚያ ወዳጅነት የመጣ ነው። ከፊልሙ ጋር ግን አይገናኝምና ብዙ እንዳይቆዩበት።

ጥቁርና ነጩ የድሮ ፊልም ለማስመሰል የተደረገ አይደለም። ቢሆን ኖሮ ምስሉ ደብዘዝ፣ ሸካራ ባለ ነበር። በ2018 የወጣው ይህ ፊልም የተቀረጸው በዘመኑ ትልቅ ዲጂታል ካሜራ ነው፤ የካሜራ ሥራውንም ኩዋሮን ራሱ ነው የያዘው። ልብ ብለው ካዩት ከፊት ያለው ሰውም፣ ከኋላ ያለው መስኮትም፣ ከመስኮቱ ማዶ የሚያልፈው መንገደኛም አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይጠራሉ። ቀለሙ ሲወጣለት ደግሞ ዐይናችንን ወደ አንዱ የሚጎትት ቀይ ቀሚስ ወይም ቢጫ መኪና አይኖርም። የት እንደምናይ የምንመርጠው እኛ ነን ማለት ነው። ስልክ ላይ ካዩት ይህ ሁሉ ይጠፋል። «ምንም አይፈጠርም» ካሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ በስልክ ያዩት ናቸው፤ እርስዎም ከእነሱ አንዷ ካልሆኑ ይቅርታ።

የመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ነገር የሚሆንበት ነው፤ የሚሆነው ግን በጭቅጭቅ ውስጥ ሳይሆን በቤት ሥራ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ማታ ቴሌቪዥን የሚያይበትን ትዕይንት መልሰው ይክፈቱት። ሶፋው ላይ ሁሉም ተደራርበው ይስቃሉ። የቤት ሠራተኛዋ ክሌዮ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ከሶፋው ጎን ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ ከልጆቹ አንዱ ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋል፤ እሷም ቴሌቪዥኑን እያየች ትስቃለች። ወዲያው እናትየው ሶፊያ ለባሏ ሻይ እንድታመጣለት ታዛታለች። ትነሳለች። የተቆጣም ያዘነም የለም፤ ሙዚቃም የለም። ቤተሰብ ናት፣ ሻይ እስኪፈለግ ድረስ። የፊልሙ ሐሳብ ገና አሥራ ምናምነኛው ደቂቃ ላይ ተነግሮ አልቋል፤ ጁሱ መድገሚያው ነው።

ማታ ክሌዮና ሌላዋ ሠራተኛ፣ ጓደኛዋ አዴላ፣ ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። ክፍሉ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ከኋላ የተሠራ ነው፤ እኛ ሰርቪስ የምንለው። አያትየዋ መብራት ሲባክን ስለማትወድ አምፖሉን አጥፍተው በሻማ ስፖርት እየሠሩ ይሳሳቃሉ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚነጋገሩት በስፓኒሽ አይደለም፤ ከደቡብ ከኦአሃካ ግዛት ይዘውት በመጡት በሚሽቴክ ነው። የቤቱ ትንሹ ልጅ ፔፔ አንድ ቀን ሰምቷቸው «እንዲህ አታውሩ» ይላቸዋል። በክፋት አይደለም፤ ስላልገባው ነው። ስለዚህ ሳብታይትል ሲመርጡ ሚሽቴኩን በቅንፍ ለይቶ የሚያሳየውን ይፈልጉ። ሁሉንም አንድ አድርጎ የሚተረጉም ከሆነ ተመልካቾችዎ ሁለት ዓለም መኖሩን ሳያውቁ ይወጣሉ። የቋንቋው ጉዳይ ቀልድ እንዳልሆነ አንድ ማሳያ ልስጥዎ፦ ፊልሙ ስፔን ውስጥ ሲታይ የሜክሲኮው ስፓኒሽ በስፔን ስፓኒሽ ተተርጉሞ ከሥር ተጻፈለት፣ «ማማ» የሚለውን እንኳ ቀይረው። ኩዋሮን ስድብ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ጽሑፉም ተነሳ።

ድምፁንም ከፍ ያድርጉት። ለስሜት ተብሎ የገባ ሙዚቃ የለም፤ ያለው ሬዲዮ፣ ውሻ፣ የሚያልፍ የማርሽ ባንድ፣ የቢላዋ ሳዩ ፉጨት ነው። ያ ፉጨት ለሜክሲኮ ሲቲ ልጅ ለአዲስ አበባ ልጅ «ቆራሌው» እንደሚሆንበት ነው።

አሁን ወደ ካሜራው። ፊቷን በቅርብ አለማየትዎን ማስተዋልዎ ጥሩ ነው፤ ግን የቅርብ ሾት ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። አባትየው ያን ሰፊ ፎርድ ጋላክሲ ወደ ጠባቡ መግቢያ ሲያስገባ ይመልከቱ። እጁን፣ ሲጋራውን፣ ማርሹን፣ የውሻ አር የሚረግጠውን ጎማ አንድ በአንድ አስጠግቶ ያሳየናል። ለመኪና የተሰጠ ቅርበት ለክሌዮ አልተሰጠም። ለምን? ክሌዮን ካሜራው የሚያያት ክፍሉ ጥግ ላይ እንደቆመ ሰው ሆኖ ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አይጠጋትም። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ተራኪው፣ ማለትም ኩዋሮን፣ የዚያ ቤት ልጅ ነው፤ ስትሠራ አይቷታል፣ በልቧ የነበረውን ግን አያውቅም። የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ አልተጠጋም። አያትየዋ ሆስፒታል ውስጥ የክሌዮን መረጃ ስትጠየቅ የምትሆነውን ያስታውሱ፤ አብራት የምትኖረውን ልጅ የልደት ቀን እንኳ መናገር አቅቷት ታለቅሳለች። ያ ትዕይንት የአያትየዋ ብቻ ሳይሆን የካሜራውም ኑዛዜ ነው።

ታሪኩ ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ ሌላ ክር አለ፤ እሱን ካላወቁት ሁለተኛው ሰዓት ድንገት የመጣ ይመስላል። የክሌዮ ፍቅረኛ ፌርሚን ዕርቃኑን ሆኖ በመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ዘንግ የውጊያ ስልት የሚያሳያት ለቀልድ አይደለም። እርጉዝ መሆኗን ስትነግረው ሲኒማ ቤት ጥሏት ይጠፋል። ፈልጋ ስታገኘው አቧራማ ሜዳ ላይ ከመቶዎች ጋር ሲሠለጥን ነው፤ ከኋላው ያለው ተራራ ላይ የወቅቱ ፕሬዚዳንት የሉዊስ ኤቼቬሪያ አልቫሬዝ ስም መነሻ ፊደሎች ተጽፈዋል። እዚያ «ድመት» ብሎ ይሰድባታል፤ ሜክሲኮ ውስጥ የቤት ሠራተኛን የማዋረጃ ቃል ነው። ልጆቹ የሚሠለጥኑት «ሎስ አልኮኔስ»፣ ጭልፊቶቹ፣ ለተባለው በመንግሥት ለሚከፈለው ድብቅ ቡድን ነው። ጁን 10 ቀን 1971፣ የኮርፐስ ክርስቲ በዓል በዋለበት ሐሙስ፣ ይህ ቡድን ሰልፍ የወጡ ተማሪዎችን በዱላና በጥይት ጨፈጨፈ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር ወደ 120 ይጠጋል። ኤቼቬሪያ ሳይፈረድበት በ2022፣ በ100 ዓመቱ ሞተ። ክሌዮ የሕፃን አልጋ ልትገዛ የወጣችው በዚያ ቀን ነው። ጭፍጨፋውን የምናየው ከዕቃ መደብሩ ፎቅ መስኮት ነው፤ ከዚያ በሩ ተበርግዶ ታጣቂዎች ይገባሉ፣ ሽጉጡን ደግኖባት የቆመው ፌርሚን ሆኖ ይገኛል። የሽርት ውሃዋ የፈሰሰው እዚያው ነው። ድሃ ወጣት በድሃ ወጣት ላይ ተሠማርቷል፤ ፊልሙ ይህን በቃል አይናገርም፣ ሁለቱን ፊት ለፊት ማቆም ብቻ በቅቶታል።

የወሊዱን ትዕይንት በተመለከተ ለእኅትዎ የምለው ይኸው ነው። ፊልሙ ለሕፃኗ ሞት ምክንያት አይሰጥም። የሚያሳየው መንገዱ ተዘግቶ መዘግየታቸውን፣ ስትወለድም የልብ ምት እንዳልነበራት ነው። ካሜራው ከአልጋው ጎን ቆሞ አይነቃነቅም፤ ክሌዮ ከፊት፣ ሐኪሞቹ ሕፃኗ ላይ ሲረባረቡ ከኋላ። ሐኪሞቹ በእውነትም የሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ ተዋናይቷም ሕፃኗ ሞታ እንደምትወለድ ቀድሞ አልተነገራትም። ባሕሩ ዳር «እንድትወለድ አልፈለግሁም ነበር» ስትል የምንሰማው ጸጸት ነው። ሰው ካዘነ በኋላ ጥፋቱን ከራሱ ላይ ሲፈልግ የሚናገረውን ነው የተናገረችው። ይህን ቃል እንደ ፍርድ አንብቦ ቅጣት ማውጣት ከፊልሙ ሐሳብ ጋር ይጣላል። በውይይቱ ላይ አንድ ሰው ቢያነሳው እዚያው ይመልሱት፤ አዳራሹ ውስጥ ይኸው የደረሰባት ሴት ተቀምጣ ሊሆን ይችላል።

ባሕሩ ዳር ያለውን ትዕይንት ሁሉም የሚያነሳው ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ክሌዮ ዋና አትችልም። ሁለቱን ልጆች ማዕበሉ ሲወስዳቸው ዘው ብላ ትገባለች፤ ካሜራውም ሳይቆረጥ ከጎኗ አብሯት ይሄዳል። አውጥታቸው አሸዋው ላይ ሲተቃቀፉ ያን ከባድ ቃል ታወጣዋለች። በፊልሙ ሙሉ ስለራሷ ስሜት እንዲህ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መልሱ ምንድን ነው? «በጣም እንወድሻለን፣ ክሌዮ።» ከልብ የመነጨ ነው። ግን ለተናገረችው ነገር መልስ አይደለም። ምን ማለትሽ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ያላት ሰው የለም። ብዙ ተመልካች በእንባ ስለሚጋረድ ይህ ያልፈዋል።

ሶፊያም ተከድታለች። ባሏ ለሥራ ካናዳ ሄድኩ ብሎ ከሌላ ሴት ጋር ቀርቷል፤ ወደ ባሕሩ የሄዱትም ዕቃውን ከቤት እንዲያወጣ ጊዜ ለመስጠት ነው። በዚህ ሁለቱ ሴቶች እኩል ናቸው፤ ሶፊያም ሰክራ በመጣችበት ሌሊት ሴት ሁሌም ብቻዋን ናት ትላታለች። ግን አንዷ ሥራ ትይዛለች፣ የባሏን ሰፊ መኪና ግድግዳ ለግድግዳ ፍቃ ፍቃ በመጨረሻ በትንሽ መኪና ትለውጠዋለች። ሌላዋ የምትለውጠው ነገር የላትም። እናቷ በመንደሯ የነበራትን መሬት እንኳ መንግሥት እንደወሰደባት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይነገረናል። ሐዘኑ አንድ ዓይነት ነው፣ መውጫው አይደለም።

ከዚያ ቤት ይደርሳሉ። ልጆቹ እንዴት እንዳዳነቻቸው ለአያታቸው በሩጫ ይተርካሉ፤ ወሬው ሳያልቅ የሙዝ ጁስ ይታዘዛል። ክሌዮ የቆሸሸውን ልብስ ሰብስባ ለአዴላ ብዙ የምነግርሽ አለኝ ብላ በብረቱ ደረጃ ወደ ጣሪያው ትወጣለች። ፊልሙ ሲከፈት ምን እንዳዩ ያስታውሳሉ? የሴራሚክ ንጣፍ፣ በላዩ የሳሙና ውሃ፣ ውሃው ላይ የሰማይ ቁራጭ፣ በዚያች ቁራጭ ውስጥ የሚያልፍ አውሮፕላን። ካሜራው ወደ ታች ያይ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ያያል፤ አውሮፕላኑም አለ፣ አሁን በእውነተኛው ሰማይ ላይ። የተለወጠ ነገር ካለ ይቺ የዐይን ከፍታ ናት። ሥራዋ ያው ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ «ደስ ይላል» ካሉ ደረጃውን አብረዋት ይውጡና ይመልከቱ።

ለመጨረሻው ጥያቄዎ፦ ሙገሳም ይቅርታም አይደለም። ፊልሙ የተበረከተው ኩዋሮንን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ላሳደገችው ለሊቦሪያ ሮድሪጌዝ፣ ለ«ሊቦ» ነው። የቤቱ ዕቃ አብዛኛው ከዘመድ አዝማድ የተሰበሰበ የልጅነቱ ዕቃ ነው። ተዋናዮቹ ሙሉውን ስክሪፕት አልተሰጣቸውም፤ ቀረጻውም እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል ነው የተሄደው። ይህን ያህል ለትዝታ የታመነ ሰው ጁሱን ማውጣት ይችል ነበር፤ አላወጣውም። ይቅርታ ጠያቂ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አንድ አሠሪ በመጨረሻ ሲጸጸት ያሳየን ነበር።

ገደብ የለውም አልልም። አንዳንድ ሐያሲዎች ክሌዮ ዝምታዋ በዛ፣ ምን እንደምትመኝ አናውቅም ብለው ወቅሰዋል። እውነት ነው፣ አናውቅም። የአሠሪዋ ልጅ ተነስቶ የሠራተኛዋን ልብ ቢተርክልን ግን የባሰ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። የቤት ሠራተኛን ሕይወት በራሷ አንደበት መስማት የሚፈልግ ሰው ይህ ፊልም አይበቃውም፤ ይህን ለተመልካቾችዎ በግልጽ ይንገሩ። ክሌዮን የተጫወተችው ያሊትዛ አፓሪሲዮ ከዚያው ከኦአሃካ፣ ከትላሺያኮ የመጣች፣ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት የተማረች፣ ከዚያ በፊት ተውና የማታውቅ ወጣት ናት። ለኦስካር ምርጥ ተዋናይት ስትታጭ በአገሯ የዘር ስድብ ያወረዱባት ሰዎች ነበሩ፤ ፊልሙ የሚናገረው ስለ 1971 ብቻ እንዳልሆነ እነሱ ራሳቸው መሰከሩ።

አንድ የተሳሳተ ወሬም ይታረም፤ «ፊልሙ የሜክሲኮን ሕግ ቀየረ» ይባላል። በዲሴምበር 2018 የሜክሲኮ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የቤት ሠራተኞችን ከግዴታ የማኅበራዊ ዋስትና ውጭ ማድረግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ፤ በ2019 የሠራተኛ ሕጉ ተሻሻለ፤ በ2020 አገሪቱ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 189 አጸደቀች። ይህን ያመጡት ለዓመታት የታገሉት የቤት ሠራተኞቹና ማኅበሮቻቸው ናቸው። ፊልሙ ወሬውን ከፍ አድርጎታል፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ምክሬ፦ ያቅርቡት፣ ምርጫዎትን አይቀይሩ። 135 ደቂቃ ስለሆነ በሰዓቱ ይጀምሩ፣ ለሁለት አይክፈሉት። ክፍሉን ያጨልሙ፣ ፕሮጀክተር ከሌለ ያለውን ትልቁን ቴሌቪዥን ይጠቀሙ። ዕርቃን፣ ግድያና ሞቶ የተወለደ ሕፃን እንደሚታይ አስቀድመው ያስታውቁ፤ ልጆች ይዞ መምጣት አይቻልም። ሽልማቱን፣ የቬኒሱን ወርቃማ አንበሳና ሦስቱን ኦስካሮች፣ በመክፈቻዎ ላይ አይዘርዝሩ፤ ሰው ሽልማት ከሰማ ለማድነቅ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። ሲያልቅ በባሕሩ ትዕይንት አይጀምሩ፤ ስለ እንባ ብቻ ይወራል። መጀመሪያ የክሌዮን ሙሉ ስም የያዘ ሰው ካለ ይጠይቁ፤ ክሌዮዴጋሪያ ነው። ቀጥለው የቴሌቪዥኑን ትዕይንት እንደገና ይክፈቱ፣ ሻዩ እስኪታዘዝ ድረስ ብቻ፤ ከዚያ ወደ ጁሱ ይዝለሉ።

አደራ የምልዎ፣ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር መብራቱን እንዳያበሩ ነው። ስሞቹ የሚያልፉት በዚያው ደረጃና በዚያው ሰማይ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ድምፅም አይቋረጥም፤ እሷ ጣሪያው ላይ ልብስ እያጠበች ነው።